ውሃው የደረሰበት ረድፍ

ውሃ ለኪዎቹ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁልጊዜም ማክሰኞ ነው የሚመጡት። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ላስቲክ ጫማ ያደርጋሉ፣ ሰላምታቸው ጥሩ ነው፣ ሻይ ቢቀርብላቸው አይጠጡም። ነጭ ችካል ከቤት ፊት፣ ቀይ ችካል ከመቃብር ፊት ይተክላሉ። ነጭ ችካል የተተከለበት ሰው በዘጠና ቀን ውስጥ ቤቱን አስጎትቶ ሽቅብ ይወጣል። ቀይ ከሆነ ግን ያለው አርባ ቀን ነው። የሙታን ቀን ለምን እንዳነሰ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። ሙታን ዕቃ ስለሌላቸው ነው አሉኝ። አልዋሹም።

የዚያን ማክሰኞ ቀዩ ችካል ከባለቤቴ ከሜሮን መቃብር ሦስት እርምጃ ዝቅ ብሎ ተተከለ።

ልጆቼ፣ ከሌላ አገር ለምትሰሙኝ ነገሩ እንግዳ ይሆንባችኋልና ቀስ ብዬ ላውጋችሁ። ናሆም እባላለሁ። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውሃ ገባበትና በዚያው ቀረሁ። የበሰቃ ሐይቅ እኔ ስወለድ ከአስፋልቱ ማዶ ነበረ ይሉኛል። ዛሬ አስፋልቱ ራሱ ከውሃው በታች ነው። ውሃው ሲጠራ የመንገዱ ነጭ መስመር ወለል ብሎ ይታያል፤ አዞ ተጋድሞበት አይቻለሁ።

ከተማችን ሦስት ጊዜ ሽቅብ፣ ወደ ፈንታሌ ተራራ ወጥታለች። ቤቶቻችን ቆርቆሮ ናቸው፤ ከሥራቸው ሁለት ሁለት ወፍራም ብረት ስላላቸው ይጎተታሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ከሀ ሁ ቀጥሎ የሚማሩት የሰመጡትን ሰፈሮች ስም ነው። ጠዋት ጠዋት ድምፅ ማጉያው ውሃው ስንት ጣት እንደጨመረ ይናገራል፤ እኛም ያንኑ እንደ ሰላምታ እንቀባበለዋለን። እንዴት አደርክ ሲሉህ፣ አንድ ጣት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለህ። ከመሬቱ ስንጥቅ በሚወጣው እንፋሎት ድንች እንቀቅላለን። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆህን በመዳፍህ ትከድናለህ እንጂ ወሬህን አታቋርጥም። ማቋረጥ ነውር ነው፤ የሚያጫውትህን ሰው እንደ መናቅ ይቆጠራል።

ውበቱን አልክድም። ውሃው ማለዳ አረንጓዴ ይሆንና ቀትር ላይ ወተት ይመስላል። እግራቸው ቀይ የሆነ ወፎች በሺህ ሆነው መጥተው በድሮው ገበያ ጣሪያዎች ላይ ይቆማሉ። ተራራው እሳቱን ሳያሳይ ይጨሳል። ሰው ከሩቅ ሊያየው ይመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እንዴት ታድላችኋል ይለናል። እኛም አዎ እንላለን። እንግዳ ነው፣ ምን ይባላል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእኛ እድር በድሮው ጊዜ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ እንደማንኛውም እድር የሆነ እድር ነበር። አሁን ዋና ሥራው ሙታንን ከውሃው ፊት ማሸሽ ነው። አጽም ማፍለስ ድሮም ነበረ፤ ለታላቅ ሰው፣ በስንት ዓመት አንዴ የሚሰማ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ የየወሩ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ለፍልሰቱም ልክ ሰውየው ዛሬ እንደሞተ ሦስት ቀን እንቀመጥ ነበር። ሰዉ ደከመው። ደንቡ ተሻሻለና ለመጀመሪያ ፍልሰት አንድ ቀን ሆነ። ለሁለተኛው ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ለሦስተኛው ቆሞ አንድ ጸሎት። ማንም አልተቃወመም። የእናቱን አጽም ሦስተኛ ጊዜ ተሸክሞ ሲወጣ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው አይቻለሁ፣ አልፈረድኩበትም።

ከዚያ አፈሩ አለቀ። ከእኛ በላይ ያለው እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መቆፈሪያ አይገባውም። በድንጋዩ መሃል እዚህም እዚያም ትንሽ አፈር አለ፣ እሱም ለአዲስ ሟች ይፈለጋል። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት ሰባታችን፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ማለቴ ነው፣ ተሰበሰብን። ሦስት ጊዜ የፈለሰ ሰው አራተኛ አይፈልስም፣ ለውሃው ይተው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሦስት ሰዎች እጅ አወጡ። ሦስት ሰዎች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። አራተኛውን እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለእናንተ አልዋሽም። እጄን ሳወጣ ሜሮን ከላይኛው ረድፍ ነበረች። ውሃው እሷ ዘንድ እስኪደርስ እኔም አልኖርም ብዬ ነው ያሰላሁት።

ደንቡ በመጀመሪያ የደረሰው ለሩት ነው። ሩት የጎረቤቴ የብሌን ታላቅ እህት ነበረች። ብሌን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እናትና አባት ቀድመው ስለሞቱባት ሩት ናት አዝላ ያሳደገቻት፣ ሳታገባ፣ ሳትወልድ። ሩትና የእኔዋ ሜሮን የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ የወባ ወረርሽኝ ሞቱ። ጎን ለጎን ተቀበሩ። ሁለት ጊዜም ጎን ለጎን ፈለሱ። በሦስተኛው፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ቦታ ስለጠበበ ዕጣ ተጣለ። ለሩት የታችኛው ረድፍ፣ ለሜሮን የላይኛው ወጣ።

ከስብሰባው በኋላ ብሌን ቤቴ መጣች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። አራተኛው እጅ ያንተ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። ሄደች። በማግስቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ እንደ ወትሮዋ፣ ሁለት ጣት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለችኝ። ሰድባኝ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

አምና ውሃው በሩት ላይ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሌን ጠዋት ጠዋት ትንሽ በርጩማዋን ይዛ ውሃው ዳር ትቀመጣለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይታያል። ሰዉም ለመደው። እኔ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አጠገቧ አልተቀመጥኩም። ጉልበቴን ያመኛል እላለሁ። እውነት ያመኛል፣ ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

በሦስተኛው ፍልሰት ጊዜ መንገዱን ስንጥቅ ቆርጦት ስለነበር መኪና አላለፈም። ሮባ የሚባል የከረዩ ሰው ነበረን፣ ዛሬም አለ፣ ግመሎቹን አመጣልን። አንድ ግመል ሁለት ሳጥን ይጭናል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ ሚዛን እንዲጠብቅ። የእድሩ ሳጥኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግራጫ፣ ትናንሽ። በየሳጥኑ ላይ ስም የተጻፈበት ጨርቅ የማስረው እኔ ነበርኩ። የሰውን ሁሉ አሰርኩ። የሜሮንንና የሩትን አላሰርኩም። ያን ግመል የምስበው ራሴ ነኝ፣ ሜሮን በቀኝ፣ ሩት በግራ፣ ምን ጨርቅ ያስፈልጋል ብዬ ነው። የራስን ሰው ስም ጽፎ ማሰር እንደ ዕቃ መቁጠር መስሎ ታየኝ።

መንገድ አጋምሰን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ግመሉ ደነገጠ፣ ገመዱ ላላ፣ ሁለቱም ሳጥኖች ተንሸራተው ወደቁ። አልተሰበሩም። ግመሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረና ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ መልሶ ተንበረከከ። እኔ ከፊቱ ቆሜ ልጓሙን ይዤ ነበር። ልንጭን ስንል ሮባ ወደ ሳጥኖቹ አየት አድርጎ፦

«ጋሼ፣ ግመሉ ዞሯል እኮ። ቀኙ የቱ ነበር?» አለኝ።

«የገዛ ሚስቴን እኔ አጣታለሁ?» አልኩት።

ታላቁ ነበርኩና ዝም አለ። ጫንን። ስንደርስ የቀኙ ሳጥን ወደ ላይኛው ረድፍ፣ የግራው ወደ ታችኛው ሄደ። ቆመን ጸለይን።

በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ሳስር ድንገት መጣብኝ። ቀኝ ያልኩት የእኔን ቀኝ ነው ወይስ የግመሉን? እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ሳጥኖቹስ ሲወድቁ የትኛው በየት በኩል ወደቀ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ባሰብኩት ቁጥር ግመሉ በሐሳቤ ይዞራል። አንዳንድ ቀን ልክ ነበርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እህል አይወርድልኝም። አጽሙ የማን እንደሆነ የሚለይ ምርመራ አለ፣ አውቃለሁ፣ ሄጄም ጠይቄያለሁ። ለሞተ ሰው ወረፋው ሦስት ዓመት ነው አሉኝ፤ ስም ለማስመዝገብ ደግሞ የሟች ቤተሰብ ሁሉ መፈረም አለበት። ብሌን መፈረም አለባት ማለት ነው። እሷን ከመንገር ዝም ማለትን መረጥኩ። በዚህ ዝምታ ውስጥ ሆኜ ነው አራተኛውን እጅ ያወጣሁት።

ችካሉ በተተከለ በማግስቱ የእድሩ ሊቀ መንበር ያብስራ መጣ። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፣ ለእኔ ልጅ ማለት ነው፣ ጨዋ። ከተራራው ጥግ የአንድ በር ስፋት ያላት አፈር እንደተገኘች ነገረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት እድሩን ስላገለገልኩ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሜሮንን አራተኛ ጊዜ ሊያፈልሱልኝ ነው። እጅ የሚያወጣ የለም፣ የሚጻፍም የለም አለ። ሲናገር መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቋችንን ከደንን፤ ወሬውን ቀጠለ። ብሌንስ ምን ትላለች አልኩት።

«አባቴ፣ እትዬ ብሌን ጨዋ ናቸው። አንድ ቃል አይናገሩም» አለኝ።

እሱ ያጽናናኝ መስሎት ነው።

ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። ልቤ ግን ወዲያው እሺ ብሎ ነበር። እኔም ከጎኗ የምጋደምባት ቦታ ትኖረኛለች ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ሌላ ምን ይመኛል? ሁለት ሳምንት እንደዚሁ ደስ እያለኝና እያፈርኩ ከረምኩ። ከዚያ ሮባ ዘንድ ሄድኩ። አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ያን ቀን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። ሳቀብኝ።

«ያኔ ጠየቅኩህ፣ ተቆጣኸኝ። አሁን እኔን ትጠይቀኛለህ። ግመሉ ቢኖር እሱን እንጠይቅ ነበር» አለ። ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠና እጄን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔ የማላውቀውን አላውቅም። አንተም እንደዚያ በል።»

ችካሉ በተተከለ በሠላሳኛው ቀን ጠዋት ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ብሌን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳትዞር በኮቴዬ አወቀችኝ።

«ዛሬ ጉልበትህ ተሻለው?» አለችኝ።

ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጨርቁን፣ ግመሉን፣ የሮባን ጥያቄ፣ የእኔን መልስ። በመሃል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ነውር መሆኑን እያወቅሁ አቋረጥኩ። ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ። ስጨርስ ከፊታችን ወፎቹ እንደ ቀይ ጨርቅ ተነስተው ሌላ ጣሪያ ላይ አረፉ። እስኪያርፉ ድረስ አየቻቸው።

«ሰባት ዓመት?» አለች።

«ሰባት ዓመት።»

«ሮባ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ግመሉም ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ያወራሁት ሁሉ፣ ከሩት ጋር የተጣላንበትን፣ ይቅርታ ያልጠየቅኳትን፣ ለሚስትህ ነው የነገርኩት ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ሰምታኛለች። ሜሮን ሰው ሲያወራ አታቋርጥም ነበር፣ ሰው አስጨርሳ ነው የምትመልሰው።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «የእህቴን ነገር ለሰው አላወራም ስል ኖሬ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ልጆቼ። ከውሃው በታች ያለችው ሜሮን ከሆነች፣ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠችላት ብሌን ናት። እኔ ባሏ ሁለት መቶ እርምጃ ርቄ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ነበርኩ።

ያብስራ ያገኛትን አፈር ነገርኳት። ቦታዋ ያንቺ ናት አልኩ። ከላይ ያለችው ሩት ልትሆን ትችላለች፤ በሩት ስም ትፍለስ፣ ስሟ ይጻፍ፣ እኔ አንድ ቃል አልናገርም አልኳት። አንድ የቀረኝን ነገር እየሰጠኋት ስለመሰለኝ፣ በልቤ ይቅር የምትለኝም መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ውሃው ዞረች።

«ከላይ ያለችው ሜሮን ብትሆንስ?»

«አልጠይቅም ብያለሁ።»

«አንተ ባትጠይቅ እኔ እጠይቃለሁ። አፈር እየነካሁ፣ ሩት ነሽ ወይስ አይደለሽም እያልኩ ልኖር ነው? አንተ ሰባት ዓመት የኖርከውን ኑሮ ለእኔ ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው?»

እንደዚያ አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው፣ አላሰብኩም ነበር።

«አንዷ እዚህ ውስጥ ናት» አለች፣ በአገጯ ወደ ውሃው እያሳየች። «የትኛዋ እንደሆነች አናውቅም። ብቻዋን ናት። እነዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ መጀመሪያ ዕጣ ለያቸው፣ ቀጥሎ ደንባችሁ ለያቸው። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ሆኜ ልለያቸው? አላደርገውም። የላይኛዋም እዚሁ ውሃው ውስጥ ትምጣ።»

«ብሌንዬ፣ ሌላ አፈር እኮ የለም። ይህቺ ካለፈች አለፈች። እኔም አጠገቧ…»

ልለምናት ነበር። አላስጨረሰችኝም።

«ለእህቴ እጅህን ስታወጣ ጠይቀኸኝ ነበር?»

ቁጣ አልነበረበትም። ጥያቄ ነበር፣ መልስ ነበረው፣ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እሺ አልኳት። ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ስቸገር ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

ያብስራ ስነግረው ደነገጠ። ሽማግሌዎቹን ያስቀየምኩ መስሎት ደጋግሞ ጠየቀኝ። ምክንያቱን አልነገርኩትም፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለእኔም ይድረስ አልኩት። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ታፈላ የነበረች ሴት ሞተች። አፈሯን ለእሷ ሰጧት። ቀብሯ ላይ ነበርኩ፤ ቦታዋ ደህና ናት፣ ደረቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ያገኛታል። አየኋትና ቅናት ያዘኝ። ይህንንም አልደብቃችሁም።

ውሃው ከተባለው ቀን ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ። ሰው ውሃው እንደ ጎርፍ እየጮኸ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከጎን አይመጣም፣ ከታች ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይጠቁራል። ከዚያ ጉንዳኖቹ ይወጣሉ፣ በሰልፍ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። ከዚያ የረገጥክበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄጄ ስጠብቅ ብሌን ቀድማኝ ደርሳ ነበር፣ ጥቁር ለብሳ። ሮባም መጣ። ራቅ ብሎ በዱላው ተደግፎ ቆመ። ከእድሩ ማንም አልመጣም፤ ደንቡ ስለማያስገድድ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ድምፅ ማጉያውም ሁለት ጣት ብሎ ዝም ብሏል።

አምስት ሰዓት ሲሆን የመቃብሩ ግርጌ ጠቆረ። ቀትር ላይ ራስጌው ደረሰ። አፈሩ ትንሽ ተንፈስ አለ፣ አረፋ ወጣ፣ ረጋ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ሞቅ ያለ ነበር፣ ለልጅ ገላ መታጠቢያ እንደሚያሞቁት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሜ አልቅስ ብል እንባዬ እምቢ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠራሁት ስም በዚያች ሰዓት አፌ ላይ አልመጣ አለ። በማን ስም ላልቅስ? ስሙን ብጠራና እሷ ባትሆንስ?

ብሌን ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አይታ ያሰብኩትን ያወቀች ይመስለኛል። ነጠላዋን አገልድማ ወደ ውሃው ገባች፣ እስከ ጉልበቷ። ደረቷን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሚስቴን ስም ጠርታ አለቀሰች፣ ሜሮንዬ፣ ጎረቤቴ፣ አድማጬ እያለች።

እኔም ያን ጊዜ ድምፄ ወጣልኝ። እህቷን ሩትን ስሟን ጠርቼ አለቀስኩላት።